በረንዳው ላይ ያጨሳሉ፣ ጭሱ እኛ ጋ ይገባል፦ ምን ላድርግ?

ማሂ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ባርና ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ማስታወቂያም ተለጥፏል። አጫሾቹ ግን በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ትሪ ይዘን የምንመላለሰውም በዚያው ነው። ከፈረቃ ስወጣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ፀጉሬ ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ለባለቤቱ ብነግረው «ደንበኛ ላባርርልሽ?» አለኝ። ሕጉ ምን ይላል? ባመለክትስ ያባርረኛል?

ቴዲ፦ እህቴ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ፈልገሽ አንብቢ። የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥም አይጨስም። ስለዚህ የእናንተ በረንዳ ገና ከጅምሩ አይሆንም። ማስከበሩ ደግሞ የባለቤቱ ግዴታ ነው። አንቺ ከሞቀው ሰው ጋር ምን አጨቃጨቀሽ?

ሳሚ፦ እኔ አጫሽ ነኝ። ውጣ ካሉኝ ወጥቼ አጭሼ እመለሳለሁ፤ ቢራዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? መተርኮሻ ጠረጴዛ ላይ ካየሁ ግን ተፈቅዷል ማለት ነው። መጀመሪያ እነሱን አንሱ።

ሄለን፦ ካሊፎርኒያ ባር ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ባር ውስጥ ማጨስ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ያኔ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 53 ባርቴንደሮችን ከእገዳው በፊትና በኋላ መርምረው ነበር። 39ኙ እንደ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ያለ ችግር ነበረባቸው። በወራት ውስጥ 23ቱን ለቀቃቸው። የጉሮሮሽን ነገር ቀላል አታድርጊው።

አቤል፦ ሕጉስ ጥሩ ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰበብ ፈልጎ ቢያሰናብታትስ? ብቻሽን አትጋፈጪው።

ቴዲ፦ አቤል ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26፣ ሠራተኛን አቤቱታ አቀረበ ብሎ ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው። ግን ማስረጃ ይኑርሽ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሦስት አራት ሆናችሁ ፈርሙ፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒ አስቀሩ። አሁንም እምቢ ካለ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውሉ።

ማሂ፦ ተባረኩ! ወጥ ቤት ያሉት እትዬም እፈርማለሁ ብለዋል። ግን 10 ሜትር ሲለካ እኮ መኪና ማቆሚያው ጋ ይደርሳል!

ሳሚ፦ ይድረስ። እዚያ ቆመን እናጨሳለን፣ ምን ችግር አለው? ዝናብ ሲመጣ ብቻ ጃንጥላ አበድሩን።