«እስማማለሁ» የምትለዋን መጫን ፊርማ ነው ወይ? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ኦንላይን ስንገዛ ወይም አፕ ስንከፍት «ደንቡን አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋን እንጫናለን። አንብበን አይደለም፤ እንተዋወቃለን። ታዲያ ያቺ ጠቅታ ወረቀት ላይ የፈረመን ሰው ያህል ልታስረን ይገባል? ምክንያታችሁን ጨምሩ። ስድብ አይፈቀድም። ዓመት ስትጠቅሱ እንደ ፈረንጆቹ ይሁን፣ እንዳንደናገር።

ሻጭ ነኝ፦
አዎ፣ ታስራለች። ሳይታለም የተፈታ ነው። እኔ የምሸጠው ፊቱን አይቼው ለማላውቅ ሰው ነው። ቃሉን ካልያዝኩበት ምኑን ልይዝ ነው? ወረቀት ሳያነብ የፈረመም እኮ ፈርሟል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1996 ያወጣው ሞዴል ሕግ፣ ውል በኤሌክትሮኒክ መልእክት ስለተደረገ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። አሜሪካም በ2000 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ያለቀ ጉዳይ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ሕጉ «ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ አይፈርስም» አለ እንጂ «የተጫነ ሁሉ ያስራል» አላለም።

የድሮውን የኢንተርኔት ማሰሻ ኩባንያ ኔትስኬፕን የምታስታውሱት ካላችሁ፣ ፋይል ማውረጃ ሶፍትዌር በነጻ ይሰጥ ነበር። ሰዉ «አውርድ» የሚለውን ተጫነ፣ አወረደ። በኋላ አንዳንዶቹ «ሶፍትዌሩ ይሰልለናል» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ደግሞ «ክርክር ሲነሳ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ይታያል የሚል ውል ገብታችኋል» አለ። የት? ከቁልፉ በታች፣ ገጹን ወደ ታች ካላንሸራተቱት የማይታይ ሊንክ ውስጥ! የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 አልተቀበለውም። ሰው ባላየው ነገር ሊስማማ አይችልም። ፍርዱን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው።

በ2014 የአሜሪካው መጽሐፍ ሻጭ ባርንስ ኤንድ ኖብልም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። የሱ ሊንክ እንዲያውም ከመክፈያው ቁልፍ ብዙም አይርቅም ነበር። ግን ገዢው «ተስማምቻለሁ» ብሎ ምንም እንዲጫን አልተጠየቀም። አላሰረውም።

ሻጭ ነኝ፦
የኔ ፊት ለፊት ነው። ሳጥኗ ላይ ምልክት ሳያደርግ ማንም አያልፍም።

የሕግ ተማሪ፦
እንደሱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያስራል። እሱን አልክድም።

ኮድ ጸሐፊዋ፦
እኔ እነዚህን ገጾች የምሠራ ነኝ። ደንበኛ ዲዛይኑን ሲያይ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ያቺን ሊንክ አሳንሻት፤ ግራጫም አድርጊያት፣ ሰው እንዳታዘናጋ»። እንዳይነበብ ተብሎ የተሠራን ነገር «ለምን አላነበብክም» ሲሉ ሳቄ ይመጣል። በ2010 ኤፕሪል 1 ቀን ጌምስቴሽን የሚባል የእንግሊዝ ጌም ሻጭ ለቀልድ ብሎ ደንቡ ውስጥ «ነፍስዎን ለእኛ አስረክበዋል» የሚል አንቀጽ ከተተ። 7,500 ሰው ነፍሱን አስረከበ።

አላፊ አግዳሚ፦
ነፍሴን ይውሰዷት፤ የካርድ ቁጥሬን ብቻ ይተዉልኝ።

የግዢ ክፍል ሰው፦
እኔ ከሻጩም እብሳለሁ። ካናዳ ውስጥ በ2021 አንድ እህል ገዢ ኩባንያ ለአንድ ገበሬ የውሉን ፎቶ በስልክ ላከለት። 86 ቶን ተልባ። «እባክህ ውሉን አረጋግጥ» ይላል መልእክቱ። ገበሬው የአውራ ጣት ኢሞጂ መለሰ፣ በቃ። ከዚያ የተልባ ዋጋ ወጣ፣ ተልባውም ቀረ። ሲከሰስ «ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማማሁ አላልኩም» አለ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ፈርመሃል ብሎ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ አስከፈለው። በ2024 ይግባኙም አልቀናውም። አውራ ጣት ካሰረች «እስማማለሁ» የሚል ሙሉ ቃል እንዴት አያስርም?

የሕግ ተማሪ፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፣ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው። ሁለቱ የቆዩ ደንበኞች ናቸው። ገበሬው በፊትም የውሉ ፎቶ ሲላክለት «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» እያለ መልሶ እህሉን ያስረክብ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያየው ኢሞጂዋን ብቻ ሳይሆን ያንን ልማድ ነው። ውሉም አጭር፣ ዓይኑ ሥር ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ ከይግባኝ ዳኞቹ አንዱ አልተስማሙም። እኔና አንድ አፕ ግን ምን ልማድ አለን?

ገዢ ብቻ፦
ለሻጮች ጥያቄ አለኝ። ጠቅታ ካሰረ እናንተንም ይሰር! ባለፈው የጆሮ ማዳመጫ አዘዝኩ፣ ከፈልኩ፣ ማረጋገጫ ኢሜይል መጣልኝ። በማግስቱ «ዋጋው የሲስተም ስህተት ነበር፣ ሰርዘነዋል» አሉኝ። ያ ኢሜይል ፊርማ አይደለም?

ሻጭ ነኝ፦
ስህተት ስህተት ነው እንጂ። ሲንጋፖር ውስጥ በ2003 3,854 ዶላር የሚያወጣ የኤችፒ ፕሪንተር በስህተት 66 ዶላር ተብሎ ተለጠፈ። ስድስት ጓደኛሞች በሌሊት እየተጠራሩ 1,606 አዘዙ። ለእነሱም አውቶማቲክ ማረጋገጫ ደርሷቸው ነበር። ከሰሱ፣ ተሸነፉ።

ገዢ ብቻ፦
እኔ 1,606 የጆሮ ማዳመጫ ምን ያደርግልኛል? አንድ ነው ያዘዝኩት። ቅናሹም 30 በመቶ።

የሕግ ተማሪ፦
እንግዲህ ያንተ ይለያል። ሲንጋፖር ላይ ማረጋገጫው ኢሜይል ከንቱ ነው አልተባለም። ሰዎቹ የተሸነፉት ዋጋው ስህተት መሆኑን እያወቁ ስላዘዙ ነው። እርስ በርስ የተላላኩት ቻት ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቧል። 30 በመቶ ቅናሽ ሲያይ «ስህተት መሆን አለበት» የሚል ሰው ግን የት ይገኛል?

ኮድ ጸሐፊዋ፦
እኔን ያስፈራኝ የዲዝኒው ነው። በ2023 አንዲት ሴት በፍሎሪዳው የዲዝኒ መዝናኛ ግቢ ካለ ምግብ ቤት በልታ በአለርጂ ሞተች። ባሏ ከሰሰ። ኩባንያው ምን ቢል ጥሩ ነው? «በ2019 የፊልም አፓችንን ለሙከራ ስትከፍት በግልግል ለመዳኘት ተስማምተሃል»! ሰው ሲጮህ በ2024 ኦገስት መከራከሪያውን ተወው። ዳኛ ሳይወስንበት ነው የቀረው። ባይጮህስ?

የግዢ ክፍል ሰው፦
እሱ እንኳ በዛ። እስማማለሁ።

አላፊ አግዳሚ፦
«እስማማለሁ» አልክ። ፈረምክ።

የሕግ ተማሪ፦
😀 እንግዲህ የኔን አቋም ልናገር። ጥያቄው «ተጫነ ወይስ አልተጫነም» ሳይሆን «ምን የሚል ቁልፍ ተጫነ» ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያ የማዘዣው ቁልፍ ገንዘብ የሚያስከፍል መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ያዛል። ካልተናገረ ሸማቹ አይታሰርም። «ቦታ ማስያዙን ጨርስ» የሚል የሆቴል ቁልፍ ክርክር አስነስቶ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2022 መታየት ያለበት ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው አለ። ዙሪያው ያለው ማብራሪያ አያድንም። በዚያ ላይ ገዢው ለአብዛኛው ዕቃ ሐሳቡን የሚቀይርበት 14 ቀን አለው። ሚዛን የሳተ አንቀጽ ደግሞ በ1993 በወጣው የኅብረቱ መመሪያ መሠረት ቢነበብም አያስርም።

ሻጭ ነኝ፦
ያ ለአውሮፓ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ገጽህ እዚያ ላሉ ሰዎች ታስቦ የሚሸጥ ከሆነ ላንተም ነው። ሸማቹ የአገሩ ሕግ የሚሰጠውን ጥበቃ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «የምንዳኘው በእኔ አገር ሕግ ነው» ብለህ ስለጻፍክ አትነጥቀውም። ለመሆኑ ያንተ ደንብ ስንት ገጽ ነው?

ሻጭ ነኝ፦
19።

ኮድ ጸሐፊዋ፦
ማን ጻፈልህ?

ሻጭ ነኝ፦
እውነቱን ልናገር? ከሌላ ሱቅ ገጽ ላይ ቀድቼው ነው። አሁን እናንተ ስታወሩ ገባሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። አንቀጽ 14 ላይ የዚያ ሱቅ ስም እስካሁን አለ። «ማንኛውም ክርክር በእነሱ አገር ፍርድ ቤት ይታያል» ይላል።

ገዢ ብቻ፦
እና ደንበኞችህ ከማን ጋር ነው የተዋዋሉት?

ሻጭ ነኝ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ላጥፋው።