ክርክር፦ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ማን ይድረስ? ማንስ ይክፈል?

ከደሴ ተመላሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ክረምት የደረሰብኝን ልንገራችሁና ጥያቄዬን ላስከትል።

ደሴ ለቅሶ ደርሰን እየተመለስን ነበር። የምነዳው እኔ ነኝ። እናቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ጥግ ስላችሁ ሰፊ ቦታ እንዳይመስላችሁ። በአንዱ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዷል። ጉሙ ወርዶ አሥር ሜትር አያሳይም። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ተኩል።

ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ግጭት ነው ወይስ ብልሽት?" አለችኝ። ብልሽት ነው አልኳት። "ብልሽት ውሉ ውስጥ የለም እህቴ" አለች። በትህትና ነው ያለችው፣ አልዋሽም። ከዚያ ሰው ለሰው ተጠይቆ የአንድ ባለ ክሬን ቁጥር ተገኘ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት የት እንደቆምኩ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ፣ ከነማን ጋር እንዳለሁ ጠየቀኝ። ልጆችና አሮጊት እናት አሉ ስለው ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በመጨረሻ ያወጣን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሳንጠራው ቆመ። ረዳቱ ከመኪናችን ኋላ ድንጋይ ደረደረ። ሹፌሩ የተቀደደውን ቱቦ በአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ሞተሩ እስኪበርድ አብሮን ጠበቀ። ከጀሪካን ውሃ ሞላልን። የጣርማበር ዋሻ እስክንደርስ ድረስም ከኋላችን ተከተለን። ብር ስዘረጋለት "እናትሽን ቶሎ አሳርፊያቸው" ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ሁላችንም በየዓመቱ የሶስተኛ ወገን መድን እንገዛለን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ተጨምሮ የመንገድ ላይ እርዳታ ለምን አይካተትም? ደግ ሰው እስኪያልፍ እየጸለዩ መጠበቅ ይብቃን እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

ባለ ባጃጅ ከሀዋሳ፦
እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አወጣችሁ። ነገር ግን በሐሳብሽ አልስማማም። እኔም የሶስተኛ ወገን እከፍላለሁ። ባጃጄ ግን ከከተማ ወጥታ አታውቅም። ቢበላሽብኝ ጓደኞቼ ገፍተው ጋራዥ ያደርሱኛል፤ ነገ ደግሞ እኔ የእነሱን እገፋለሁ። የጣርማበርን ክሬን ለምን እኔ ልክፈል? የእለት ገቢዬ ከጎማና ከነዳጅ ተርፎ ለልጆቼ የሚሆነው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። "ትንሽ ተጨምሮ" የሚባል ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከእኛ ኪስ ነው።

የመድን ሠራተኛ፦
በሙያው ብዙ ዓመት ስለቆየሁ አንድ ነገር ላጥራ። የሶስተኛ ወገን መድን የተሠራው መኪናዬ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ለሞት፣ ለአካል ጉዳት፣ ለሰው ንብረት። ለተጎጂ የሚሰጠው የድንገተኛ ሕክምና እንኳ ገደብ አለው። የራሴ ራዲያተር እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላም አለ። ግጭት ድንገት የሚመጣ ነገር ነው። ብልሽት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ቱቦው ያረጀበትን፣ ዘይት በጊዜው ያልቀየረውን ሰው፣ መኪናውን በሥርዓት የሚይዘው ሰው ሊከፍልለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ደግሞ ገንዘቡ ተሰበሰበ እንበል። ክሬኑ ከየት ይነሳል? አባይ በረሃ ውስጥ ሌሊት የሚደርስ ማን ነው? የማንፈጽመውን ውል መሸጥ ደንበኛን ሁለት ጊዜ መበደል ነው። እኔ የምለው ለሙሉ ኢንሹራንስ በተጨማሪ ክፍያ፣ ለፈለገ ሰው ብቻ፣ አገልግሎቱ በእርግጥ ባለበት መስመር ይጀመር።

የጅቡቲ መስመር፦
22 ዓመት ተሳቢ ይዣለሁ። መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሎግያን፣ ጋላፊን እንደ ቤቴ በር አውቃቸዋለሁ። የመድኑ ወንድሜ የተናገረውን አክብሬ ሰማሁ። ግን አንድ ነገር ዘለለ።

እኛ ስንቆም በሁለት ሰዓት አንነሳም። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንቆማለን። አንዴ ከሚሌ ወዲህ አራት ቀን ቆሜአለሁ። በዚያ ሙቀት ረዳቴ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ነበር የሚያድረው። ጭነቱን ጥሎ የትም መሄድ አይችልም። ውሃ የምንለምነው ከሚያልፍ ሹፌር ነው። እሺ፣ ይህ የእኛ እንጀራ ነው፤ ችለነዋል።

ግን መኪናው የቆመው አስፋልቱ ላይ ነው። ዳር የለማ! ግማሽ መንገድ ይዞ ነው የሚቆመው። ሲመሽ መብራት የለም፤ ባትሪውም ይደክማል። ስለዚህ ድንጋይ እንደረድራለን፣ ቅርንጫፍ ቆርጠን እንጥላለን። ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ቅጠሉን ካየ ተረፈ። ካላየ ተሳቢው ሥር ይገባል። እንዲህ ያለቁ ሰዎችን በእጄ አውጥቻለሁ። አሁንም ስናገረው ሰውነቴን ይወረኛል።

ታዲያ ሶስተኛ ወገን ማን ነው? ያ ከኋላ የሚመጣው ሰው አይደለም ወይ? የቆመውን መኪና ከመንገድ ማውጣት ለባለመኪናው የሚደረግ ውለታ አይደለም። ገና ላልደረሰው መንገደኛ ነው።

የመድን ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ የተናገሩት ልክ ነው። ይህን ከዚህ አንፃር አስቤው አላውቅም። ሆኖም ይህ የሕግ ማስከበር ጉዳይም ነው። አንፀባራቂ ሦስት ማዕዘን ምልክት እያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሊኖር ይገባል። ስንቱ ነው ይዞ የሚሄደው?

የጅቡቲ መስመር፦
አለኝ ወንድሜ። ንፋስ ይጥለዋል፤ አንዳንዴም ጠዋት ስነሳ የለም። ድንጋይ ግን አይሰረቅም። ለዚህ ነው ሰው ድንጋይ የሚመርጠው። ክፋቱ መኪናው ሲነሳ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሹፌሩ ደክሞታል፣ ጨልሟል፣ ጥሎት ይሄዳል። በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባበታል።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
ሁላችሁም ክሬን ክሬን ትላላችሁ። እኔ መንገድ ድረስ ተጠርቼ ሄጄ ካነሳኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ ክሬን አላስፈለጋቸውም። ቺንጋ ተበጥሶ ነው። ቱቦ ተቀዶ ነው። ባትሪ ወድቆ ነው። ጎማ ተንፍሶ ስኮርቱም (ተቀያሪ ጎማውም) ባዶ ሆኖ ነው። ክሪክ የሌለው ሰው ስንት ነው መሰላችሁ! ስለዚህ መጀመሪያ መድረስ ያለበት በሞተር ሳይክል የሚመጣ፣ የመፍቻ ሳጥን ያለው ሰው ነው። በየከተማው መግቢያ ጎሚስታና መካኒክ አለ። እነሱን መዝግቦ፣ አሰልጥኖ፣ ስልካቸውን መንገድ ዳር በሰሌዳ ላይ መጻፍ ብቻ ግማሹን ችግር ይፈታል።

መጎተትን በተመለከተ ደግሞ አደራ የምላችሁ አለ። ካቦ አስሮ መጎተት የለመድነው በማንዋል መኪና ነው። አውቶማቲክ ሲሆን ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ፓምፕ አይሠራም። እየተጎተተ ሩቅ ከሄደ ካምቢዮው ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ይብሳል። የሚነዳው ጎማ መሬት ላይ ሲሽከረከር ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ውድ ዕቃ ያበላሻል። ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የሚጭን ክሬን ግን ከአዲስ አበባ በራቅን ቁጥር ማግኘት ከባድ ነው። በካቦ ተጎትቶ የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዤ በር ላይ ቆሞ ባለቤቱ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ባለ ክሬን፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ልጆች እንዳሉ ሰምቶ ዋጋ የጨመረው ሰው አሳፍሮናል። እህቴ፣ በሙያው ስም ይቅርታ።

ግን የእኛንም ወገን ስሙ። 60 ኪሎ ሜትር ባዶዬን እሄዳለሁ። ነዳጁ የእኔ ነው። ስደርስ መኪናው የለም። ደንበኛው ለሦስት ክሬን ደውሎ ቀድሞ በደረሰው ሄዷል። ስልኬን አያነሳም። ሌሊት ደግሞ መንገዱ ለእኔም ያስፈራል። ቤተሰብ አለኝ። የሌሊት ዋጋ ከቀን የሚለየው ለዚህ ነው።

እኔ የምፈልገው በኪሎ ሜትር የታወቀ ታሪፍ ነው። የቀን ይህን ያህል፣ የሌሊት ይህን ያህል፣ ባዶ ለተመለሰ ይህን ያህል ተብሎ ይለጠፍ። ድርድሩ ለእኔም ክብር የለውም። ገደል አፋፍ ላይ ከቆመ ሰው ጋር ዋጋ መከራከር ማን ይወዳል?

ከሜሪላንድ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ታክሲም ኡበርም ነድቻለሁ። እዚህ ያለውን የሁለት ዓይነት የመንገድ ላይ እርዳታ ልዩነት ላካፍላችሁ። በሜሪላንድ ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ ቻርት የሚባል የግዛቱ ቅኝት አለ። መኪናዬ ቆሞ ሳለ ሰውየው ራሱ አይቶኝ መጣ። ከኋላዬ መብራቱን አብርቶ ቆመና ጎማዬን ቀየረልኝ። ብር ሳወጣ "አንቀበልም" አለኝ። ነፃ ነው። ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል ሥራ ነው፤ ዓላማውም መንገዱ እንዳይዘጋና ከኋላ የሚመጣው እንዳይጋጭ ነው። ልክ ጋሼ እንዳሉት።

ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ መጎተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ የምከፍለው ራሴ ነኝ። ትሪፕል ኤ የሚባለው ማኅበር ከ1902 ጀምሮ አለ፤ በዓመት መዋጮ አባል ትሆናለህ። ኢንሹራንሱ ላይ መጨመርም ይቻላል። እሱም ገደብ አለው። ርቀቱ የተወሰነ ነው፣ በዓመት የምትጠራበት ጊዜም የተቆጠረ ነው። በበረዶ ቀን ሰዓታት ጠብቄ አውቃለሁ። እዚህም ገነት አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን ለዩ። ከአስፋልቱ ማውጣት የሁሉም ጉዳይ ነው። ቤት ማድረስ የባለመኪናው ነው። ባለ ባጃጁ ወንድሜ የተቃወመው ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ባለ ባጃጅ ከሀዋሳ፦
አዎ፣ እንደዚያ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እናቴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ከቆመ ተሳቢ እንድትድን ብዬ እከፍላለሁ፣ ለምን አልከፍልም። ግን በመድን በኩል መሆኑን አሁንም አልወደድኩትም።

የአዳማ ተመላላሽ፦
አገር ውስጥ ምሳሌ እያለን ሜሪላንድ ድረስ ለምን እንሄዳለን? ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ እመላለስበታለሁ። ባትሪ ወድቆብኝ የቆምኩ ጊዜ ቅኝት የሚያደርጉት መጥተው ኮን ደርድረው አስነስተውኛል። ስለዚህ አንችልም የሚባለው ልክ አይደለም።

የመድን ሠራተኛ፦
እሱ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታጥሯል፣ መግቢያና መውጫው የታወቀ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ሲወጣ ይከፍላል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው የአባይ ቁልቁለትና አቀበት ብቻውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፋይም የለበትም። ፍሬን የሚግልበት፣ ሞተር የሚፈላበት ግን እዚያ ነው። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ከመንገድ ፈንድ ይምጣ። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ከነዳጅ የሚሰበሰበው ክፍያ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት እንዲውል ነው። የቆመን ተሳቢ ማንሳት የመንገድ ደህንነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

መካኒክ ከቃሊቲ፦
የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ አይቀዳማ። ያ ገንዘብ እየቀነሰ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ የሚጭን ክሬን የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ይህንን አሁን ካላሰብንበት ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፋዩ ባለ ባጃጁና ተሳቢው ብቻ ይሆናሉ።

ከደሴ ተመላሽ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤ ተቀይሯል ማለት ይቻላል። ስጀምር የጠየቅኩት ለራሴና ለልጆቼ ነበር። ከኋላችን ሊመጣ የሚችለውን ሰው በጭራሽ አላሰብኩትም። ዳገትና ቁልቁለቱ ክፉ በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ በጣርማበር፣ በአባይ፣ በሊማሊሞ፣ ቋሚ ቅኝት ይኑር። መኪናውን ከአስፋልት ያውጣ፤ ያለ ክፍያ። ከዚያ በኋላ ያለውን በታሪፍ እንክፈል። በመድን ይሁን በመንገድ ፈንድ ግን አሁንም ከመድኑ ወንድሜ ጋር አልተስማማሁም። መድን ሁሉም መኪና ላይ አለ፣ የኤሌክትሪኩም ላይ። ነዳጅ ግን የለም።

የጅቡቲ መስመር፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ረዳት ከኋላችሁ የደረደረውን ድንጋይ ስትነሱ አነሳችሁት?

ከደሴ ተመላሽ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደነገጥኩ፤ አላስታወስኩም። አሁን እናቴን ጠየቅኳት። እሷ ከኋላ መስታወት እያየች ነበር። ልጁ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ቋጥኙ ጥግ ወሰደው፣ የመጨረሻውንም ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ነው ሮጦ አይሱዙው ላይ የተንጠለጠለው አለችኝ።