ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሰመጠብኝ!

ጫኝ50፦ ወገን ፍጠኑ! አይሱዙ ኤንፒአር፣ 50 ኩንታል ባቄላ። ዋሻውን አልፌ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፔዳሉ እየሰመጠ መጣ፣ ጎማው ጋ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ጭነቱ በዝቶበት ነው አይደል? ግማሹን ላራግፍ?

የመንዝ ልጅ፦ በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው? ዋናውን ነገር ዘለልከው።

ቀለሜው፦ መጀመሪያ ኃይሎቹን እንለይ። መኪናውና ጭነቱ 8 ቶን ቢሆኑ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ ስበት ቁልቁል የሚጎትትህ በ6,300 ኒውተን ገደማ ነው። 640 ኪሎ ከኋላ እንደተደገፈብህ ቁጠረው። አስፋልቱ ወደ ላይ ገፍቶ ክብደቱን ይሸከማል እንጂ አይጎትትህም። የአየሩ ግፊት በዝግታ ስትሄድ እዚህ ግባ አይባልም። ሞተሩ ካላገዘህ የሚይዝህ ሰበቃ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ቦታ፦ ሸራው (ፍሬን ስትይዝ የሚጫነው ንጣፍ) ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ብረት)፣ ጎማው ከአስፋልቱ። ሰበቃ ደግሞ በተራው

ሮቢቴ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ፈተና ላይ አይደለም እኮ። ውሃ አፍስስበትና ሂድ።

ጋራዥ ቤት፦ ውሃ እንዳታስነካው! የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ረዳትህ ጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ታኮ ያድርግ። እጅ ፍሬን ሳብ፤ ኤንፒአር ላይ የሚይዘው ከጊር ቦክሱ የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ ከጎማዎቹ ታምቡር ጋር አብሮ አልጋለም። ሞተር አጥፋና የኋላ ማርሽ አስገባ። ከዚያ አንድ ሰዓት ጠብቅ። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ቢል ሸራው ነው እል ነበር። ከሰመጠ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሠርቷል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይም ይፈላል። ጎማዎቹ ውስጥ በኩል የዘይት ፍሳሽ ካየህ አትንቀሳቀስ፣ ሜካኒክ እዚያው ይምጣ።

የመንዝ ልጅ፦ ጭነቱን አትወንጅለው። 8 ቶን በየ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ካልተካፈለው ሁሉም ታምቡሩ ላይ ያርፋል። ግማሹን ብታራግፍም መኪናው ራሱ ስለሚመዝን 14 ሊትር ገደማ እያፈላህ ትወርዳለህ።

ሮቢቴ፦ እኔስ ምን አልኩ? ውሃ።

ጫኝ50፦ በአራተኛ ነበር፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ። ኤግዞስት ብሬኩ (ጭሱን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገው) ከተበላሸ ቆይቷል። ፔዳሉ መለስ ብሏል፣ ልሂድ?

ጋራዥ ቤት፦ ገና 20 ደቂቃህ ነው! ታምቡሩ አጠገብ እጅህን ሳትነካ አስጠጋ፣ ከፈጀህ አልበረደም። ነዳጁን ተወው፤ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከጋዝ ስታነሳ ፓምፑ ይዘጋዋል። ስትነሳ ገና ከቆምክበት ሁለተኛ ማርሽ፤ ሞተሩ ሲጮህ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ጩኸቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እያሻሸህ አትውረድ። ደብረ ሲና ዘይቱን አስቀይር፣ መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር ከማስተሩ (ፔዳሉ ዘይቱን ከሚገፋበት ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ጀምረው ያውጡት።

ቀለሜው፦ ያቋረጣችሁኝን ልቀጥል፦ ሰበቃ በተራው የሚወሰነው

ሮቢቴ፦ ደብረ ሲና ከደረስክ ቆሎ ያዝልን።

የመንዝ ልጅ፦ ጫኝ50፣ ፍሳሽ አየህ ወይስ የለም?