ወባ ያልተገኘበት ትኩሳት፦ ማንን እንመዝግብ፣ ናሙናውንስ መቼ እንውሰድ?

ጥያቄ (ነርስ፣ ቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዘው ይመጣሉ። ደማቸው ተመርምሮ ወባ ሲታጣ፣ ብዙዎቹ ዊዳል በተባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ተብለው መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ። አሁን በትንኝ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች የሆኑትን የደንጊ፣ የቺኩንጉኒያና የቢጫ ወባ ቅኝት (ተጠርጣሪዎችን መዝግቦ ሪፖርት ማድረግ) እንድንጀምር ተነግሮናል፤ ነገር ግን ማንን እንደምንመዘግብና ናሙና መቼ እንደምንወስድ አልተብራራልንም።

መልስ (የበሽታ ቅኝት ባለሙያ)፦
ሲስተር፣ አስቀድመው በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ያስጨምሩ፤ አንዱ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ሲሆን ሌላው ታማሚው ባለፉት 14 ቀናት ያደረበት ቦታ ነው። ሾፌሩን «ከየት መጡ?» ቢሉት «ከቃሊቲ» ይላል፤ ቤቱ እዚያ ስለሆነ አልዋሸም። «የት የት አደሩ?» ሲባል ግን ሚሌ፣ ሎግያ፣ አዋሽ እያለ ይቆጥራል። ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ፣ በ2023 ደግሞ በሚሌና በሎግያ ተከስቷል፤ ቺኩንጉኒያም በ2019 ድሬዳዋን አዳርሶ ነበር። ስለዚህ ያለ ጉዞ ታሪክ የተሞላ ቅጽ ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
የትኩሳቱ መጀመሪያ ቀን ካልተጻፈ እኛም የቱን ምርመራ እንደምንሠራ አናውቅም። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ገደማ ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ ስለሚገኝ የቫይረሱን ዘረመል በሚለየው የፒሲአር ምርመራ ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚፈለገው አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። የደንጊና የቢጫ ወባ ቫይረሶች የአንድ ቤተሰብ በመሆናቸው አይጂኤም አንዱን በሌላው ሊያሳስት ይችላል፤ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰውም ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል የክትባቱን ነገር ሳትጠይቁ አትላኩልን። ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ተለይቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ፤ በጠረጴዛ ላይ ያደረ ናሙና ስንቴ እንደደረሰን እኛ እናውቃለን።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወባ የተገኘበትን ሰው ከቅኝቱ እናውጣው?

መልስ (ሐኪም)፦
አይውጣ፤ ወባና ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የወባ መድኃኒቱን ጀምሮ ትኩሳቱ ካልበረደ ናሙና ይወሰድለት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየክሊኒኩ ለቁርጥማት የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ነው፤ ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ እሱም፣ አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ፓራሲታሞል ብቻ ይሰጥ። ትኩሳቱ በረደ ብላችሁም አትዘናጉ፤ የደንጊ አስጊ ጊዜ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ጽኑ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ያለበት ሰው ወደ ቤቱ አይሸኝ። የተኛ ታማሚ ደግሞ ቀንም በአጎበር ውስጥ ይሁን፤ እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነውና።

መልስ (የበሽታ ቅኝት ባለሙያ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳት በጀመረው በ14 ቀናት ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታማሚ በቢጫ ወባ ስለሚጠረጠር ሳምንታዊውን ሪፖርት አይጠብቅም፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው በስልክ ይነገር፣ ቅጹ በኋላ ይሞላል። በሳምንቱ ምንም ተጠርጣሪ ካልተገኘም ዜሮ ተብሎ ሪፖርት ይላክ፤ ባዶ የቀረ ሳምንት ታማሚ አለመኖሩን ይሁን መዝጋቢ አለመኖሩን አይነግረንም።