የ93 ዓመት አያታችንን ታሪክ እንዴት እንጻፍ? (ኮሪያ ዘማች፣ የመንገድ መሐንዲስ)

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ያሉት አያታችን ኮሪያ ዘምተዋል፤ ኋላም የመንገድ መሐንዲስ ሆነው ሰባት ልጆች አሳድገዋል። እግዚአብሔር ይመስገን አእምሯቸው ደህና ነው፣ ጆሯቸው ግን ደክሟል። በሕይወት እያሉ ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ ቀድተን ለልጅ ልጆች የምትሆን መጽሐፍ ልናዘጋጅ አስበናል። ዓመተ ምሕረቱ ይምታታብናል። «ሕይወትዎን ይንገሩን» ስንላቸው «ምን አለ፣ ሠራን በቃ» ብለው ዝም ይላሉ። ወረቀቶቻቸው ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሻግታሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ዘመን ቆጣሪ
ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትለዩ አንዲት መስመር አትጻፉ። የኮሪያ ወረቀት ላይ 1951 ቢል የፈረንጅ ነው። እንደ እኛ አቆጣጠር ከወሰዳችሁት አያታችሁ ጦርነቱ ቆሞ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዘመቱ ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ (ኮሪያ የዘመተው ጦራችን) በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተከተሉ። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላም ጦራችን እዚያ ስለቆየ «ስንተኛው ቃኘው ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተዋግተው ይሁን ሰላም ሲያስከብሩ የሚለየው በዚህ ነው።

የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ላለው 7፣ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ 8 ጨምሩ። በዘመነ ዮሐንስ (1944 አንዱ ነው) ጳጉሜን 6 ሆና ስላለፈች ቀኑ እስከ የካቲት 21 ድረስ በአንድ ይዛነፋል።

ለልጅነታቸው ደግሞ ጎንደር ራሷ መልካም ማሰሪያ አላት። የጣሊያን ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር የተያዘው ኅዳር 12፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር? መልሱ ዕድሜያቸውን በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ያስይዛችኋል።

ማዕረግም ተጠንቀቁ። ኋላ የተሾሙበትን ማዕረግ ለኮሪያው ዘመን አትስጧቸው፤ በየዓመቱ የነበራቸውን ለይታችሁ ጻፉ።

ቀያሹ
መሐንዲስ «ሠራን በቃ» የሚለው ጥያቄው ሲሰፋበት ነው። ስለ ሥራው ጠይቁት። ከሠሩበት አንዱን መንገድ ምረጡ፤ ሊማሊሞ ላይ ሠርተው ከሆነ ሊማሊሞን። እርሳስና ወረቀት ስጧቸውና ይሣሉት። ድንጋዩ ከየትኛው ካባ ይመጣ ነበር? ቱቦው በስንት ሜትር ርቀት ተቀበረ? ድጋፍ ግንቡ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ነበረው? ክረምት ላይ የትኛው መታጠፊያ ተናደ? የተራራ መንገድ ጠላቱ ውኃ ነው፤ የላይኛው ቦይ ሲደፈን ውኃው መንገዱን አቋርጦ የታችኛውን ግንብ ከመሠረቱ ይቦረቡረዋል። ይህን ሲያስረዱ ካምፑ፣ ባልደረቦቻቸው፣ ያኔ ቤት ማን ታሞ እንደነበር ሁሉ ሳትለምኗቸው ይመጣል።

መንገድ ላይ የሠራን ሁሉ ቤተሰብ «ኢንጂነር» ይለዋል። ቀያሽ ነበሩ፣ ፎርማን ወይስ መሐንዲስ? የቅጥርና የዕድገት ደብዳቤያቸውን ተመልከቱ። ፎርማንነትም የሚያኮራ ሥራ ነው፤ በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ።

ስትቀዱ ጠዋት፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከደረታቸው ሁለት ስንዝር ያህል አስቀምጡ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ። አትጩኹ፣ ጩኸት ቃሉን ያደበዝዘዋል፤ ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ አሳዩአቸው። ዓመት ቢሳሳቱ እዚያው አታርሙ፣ ማስታወሻ ይዛችሁ በማግስቱ መልሳችሁ ጠይቁ። ስለ ውጊያውም ከብርዱ፣ ከጫማው፣ ከምግቡ ጀምሩ፤ «ስንት ሰው ገደሉ?» የሚል ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር።

እማማ ዘውዲቱ ሰፈር
አያታችሁን ብቻ አትጠይቁ። ሴት አያታችሁ ካሉ ለብቻቸው ይቀዱ፤ ባል ካምፕ ሲከርም ሰባት ልጅ ያሳደገ ማን ነው? የልጆቹ የትውልድ ቦታ በተራ ሲጻፍ ደግሞ የሥራ ዝውውራቸው ይገለጣል። የልደት ቀን የጠፋበት ልጅ ካለ ክርስትና የተነሳበትን በዓል ጠይቁ፣ እናቶች እሱን አይረሱም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነውና ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለአስተርዮ ማርያም፣ ጥር 21 የተነሳ ወንድ ልደቱ ታኅሣሥ 11 ወይም 12፣ ሴት ከሆነች ኅዳር 1 ወይም 2 ነው። በሕፃንነት ያረፉትንም፣ ከሌላ ትዳር የተወለደ ካለም እሱን ጨምሩ። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የቀረ ስም ቤተሰብ ያለያያል።

ወረቀት ጠባቂ
ሻጋታው ከግድግዳው እርጥበት ነው። ሣጥኑን ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁት፣ ከመሬትም በእንጨት ከፍ አድርጉት። የሻገተውን ጥላ ውስጥ አናፍሳችሁ፣ በደንብ ሲደርቅ ከቤት ውጭ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ እርጥብ ጨርቅ ሻጋታውን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። የዛገ ስፒልና ስቴፕለር አውጡ። ታጥቦ በደንብ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልሉት እንጂ ፌስታል አይሁን፤ ፌስታል ያልበዋል። ፎቶ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል። ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በአማርኛ የተጻፈበት አለ፤ ካላቸው በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፣ ጽሕፈቱን ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ለዘለቄታው ያበላሻል።

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልን። የጡረታ ደብተሩ ገጽ ግን አስቀድሞ ላሚኔት ሆኗል። እንላጠው?

ወረቀት ጠባቂ
በፍጹም። ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ተላቆ ይመጣል። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ፣ ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ወረቀቱን እያዞራችሁ ፎቶ አንሱት። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ ዲስክ አድርጋችሁ አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ።