ጀበና ያለ ፕላስቲክ አዲስ አበባ ይደርሳል?

የጀበናዋ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጀበና ነው የምሸጠው። ጥቁሩን፣ የሸክላውን። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከእናቶች እገዛለሁ። ቤት ወስጄ አንድ በአንድ ውኃ ሞልቼ አሳድራለሁ። የማያፈሰውን ብቻ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ በአውቶብስ ነው የምልክላቸው።

ችግሬ ማሸጊያው ነው። እስካሁን የምጠቀመው ያንን አረፋ አረፋ ያለውን ፕላስቲክ ነው፣ ልጆች በጣታቸው ጧ ጧ የሚያደርጉትን። ሦስት አራት ዙር እጠቀልላለሁ፣ በፕላስተር ጥፍር አድርጌ አስራለሁ፣ ማዳበሪያ ውስጥ እከታለሁ። ባለፈው አንዲት ደንበኛ ቪዲዮ ላከችልኝ። መቀስ ይዛ እንደ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ትልጣለች። መሀል ላይ ቆም ብላ "እህቴ፣ ጀበናውን ፍለጋ ገብቻለሁ፤ ካልተመለስኩ ለእናቴ ንገሪልኝ" ትላለች። በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ወለሉ አዞረችው። ጀበናው አንድ፣ ፕላስቲኩ ክምር። "ይኼን የት ልጣለው?" አለች። የምመልሰው አጣሁ።

ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ደንበኛ "ጀበናሽ ሻገተ" አለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። በውኃ ከፈተንኩት በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሐምሌ ነበር። መንገዱም ተዘግቶ ዕቃው አንድ ሳምንት መናኸሪያ ተቀምጧል። ሸክላ ይተነፍሳል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ አፈነው። ሲከፈት አንገቱ ውስጥ ነጭ ጠጉር አብቅሎ ነበር። ብሩን በቴሌብር መለስኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። እስካሁን ግን ሳስታውሰው ያመኛል።

አሁን ፌስታልም በአዋጅ ተከልክሏል። የእኔው ፌስታል ባይሆንም ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታየኛል። ስለዚህ ፕላስቲክ ሳልነካ ጀበና በሰላም ዓባይን የሚያሻግር ማሸጊያ የምታውቁ አላችሁ? አንድ ነጋዴ "ባዮ ነው፣ በስብሶ ይጠፋል" የሚለውን ከረጢት አሳይቶኛል፣ ዋጋው እጥፍ ነው። እኔ ደግሞ እምቦጭ አድርቄ ብጎዘጉዝበትስ እያልኩ ነው። ሞልቶ ተርፎ የለ?

ፖርቶመጋላ፦

እህቴ፣ ስምንት ዓመት በዚሁ መስመር ረዳት ነበርኩ። አሁን ትቼዋለሁ፣ ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ማዳበሪያ ካየን እንወረውራለን። ካርቶን ካየን እናስቀምጣለን። ክፋት አይደለም። ማዳበሪያ ቅርጽ የለውም፣ እጅ ራሱ ድንች ይመስለዋል። "ተሰባሪ" ብለሽ ብትጽፊበትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በባትሪ የሚጭን ሰው አያነብልሽም።

ደግሞ ጀበናን የሚፈጀው መውደቅ ብቻ እንዳይመስልሽ። መንቀጥቀጥ ነው። እስከ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፖርቶመጋላ ላይ ያለ ዕቃ ያን ሁሉ መንገድ እየጨፈረ ነው የሚሄደው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ሁሉም ወደ ፊት ይገፋል። ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጪ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ካርቶኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ጀበናው ግድግዳውን እየደበደበ ይጓዛል። የሚቀነጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንገቱ ነው።

በምንም ጠቅልዪው፣ ብቻ አይነቃነቅ። ከዘጋሽ በኋላ ካርቶኑን ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ነቅንቂው። ድምፅ ከሰማሽ ክፈቺና እንደገና ሙዪ።

የጀበናዋ፦

እንዲያው ለነገሩ ስንት ጀበና ወርውረሃል?

ፖርቶመጋላ፦

ይኼ ምክር ካሣ ይሁነኝ።

የፔዳው ኬሚስት፦

"ባዮ" ስለሚሉት ከረጢት ልናገር፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው እየተሸወደ ነው። በዚህ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ቶሎ እንዲፈረካከስ ቅመም ተጨምሮበታል። ይፈረካከሳል፣ አይጠፋም። ዓይን የማያየው ደቃቅ ፕላስቲክ ሆኖ አፈሩና ውኃው ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት በዚሁ የተነሣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያው አግዶታል። ሌላው ከበቆሎ ስታርችና ከመሳሰለው የሚሠራው ነው። እሱ እውነትም ይበሰብሳል። ግን አብዛኛው 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የብስባሽ ማዘጋጃ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብንልም ያን ያህል አልደረስንም። ጓሮ ብትቀብሪው ወይም ጣና ውስጥ ቢገባ ለብዙ ጊዜ እዚያው ነው። እጥፍ ከፍለሽ ያንኑ ችግር አትግዢ።

ስለ ሕጉ ካነሣሽ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል ፈቃድ እንዳይሰጥ ይል ነበር። ገበያ ወርዶ በሚሊሜትር የለካ ሰው ግን አላየሁም።

እምቦጩ ግን ይቅርብሽ፣ በጣም አደራ። አንደኛ፣ እርጥቡ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ጋሪ ሙሉ አድርቀሽ እፍኝ ነው የሚተርፍሽ። ይኼስ ምንም አይደለም። ክፉው ዘሩ ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደምቢያና በፎገራ በኩል ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። አሁን አንቺ ደረቁን በካርቶን ጠቅጥቀሽ ለሰው ትልኪያለሽ። ደንበኛሽ ምን ታውቃለች፣ ሳር ነው ብላ ወንዝ ዳር ትደፋዋለች። ግንዱን መርጠው ቅርጫት የሚሠሩበት አገሮች አሉ። እሱ በጥንቃቄ የሚሠራ ሌላ ሙያ ነው።

የዘጌ ቡና፦

እኔ የዘጌ ቡና ቆልቼ ነው የምልከው፣ አገር ውስጥም ውጭም። ከካርቶን ጋር ብዙ ተጣልቻለሁ፣ የተማርኩትን ልንገርሽ።

አዲስ ካርቶን አትግዢ። ከመድኃኒት ቤት ለምኚ። የመድኃኒት ካርቶን ጠንካራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይሸትም። የሳሙና ካርቶን ግን በጭራሽ! አንዴ ቡና በሳሙና ካርቶን ልኬ ሰውዬው "ወንድሜ፣ ቡናውን ጠጣሁት ወይስ ታጠብኩበት?" አለኝ። የአንቺ ደግሞ ሸክላ ነው፣ ከቡናዬ የባሰ ሽታ ይጠጣል።

ካርቶኑን ጎኑን እዪው። መሀሉ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አለ አይደል? እሱ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች መቆም አለበት። እንደዚያ ሲሆን ሰው ቢቀመጥበትም ይችላል። ተኝቶ ከሆነ ይጨማደዳል። የረጠበ ካርቶን ደግሞ ካርቶን አይባልም። በክረምት ላይኛው ጭነት እንዳይሆን ረዳቱን ለምኚው፣ ወይ የአውቶብሱ ሆድ ውስጥ ይጫንልሽ። ማዳበሪያ ካለሽ አትጣዪው፣ ለክረምት ካርቶኑን በላዩ አልብሺው። አዲስ አበባ የሚቀበልሽ ሰው ካለ ይመልስልሻል። የእኔ ማዳበሪያዎች ከእኔ በላይ ተጉዘዋል።

ፕላስተሩን በሲባጎ ቀይሪው። የቃጫው ካገኘሽ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ቋጠሮው አይንሸራተትም። መጀመሪያ እጅሽን ይልጠዋል፣ ትለምጂዋለሽ።

ውጭ አገር የሚያዝሽ ከመጣ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ጭድና ገለባ እንዳትልኪ። አውስትራሊያ ለምሳሌ በጭድ የታሸገ ዕቃ አታስገባም፣ ተባይና ዘር ይዞ ይመጣል ብላ። የእንጨት ሣጥንም ቢሆን በሙቀት ታክሞ ማኅተም ያልተመታበት ጣጣ አለው። ወረቀት ብቻ። ሁለተኛ፣ ፈጣን መልእክት የሚያደርሱት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በኪሎ ብቻ አይደለም፣ በስፋትም ነው። ርዝመቱን በወርዱ፣ በቁመቱ በሴንቲ ሜትር ታባዢና ለ5,000 ታካፍያለሽ። 40 በ30 በ30 የሆነ ካርቶን 7 ኪሎ ከ200 ግራም ይሆናል። ውስጡ ያለው ጀበና ኪሎ ተኩል ቢሆንም የምትከፍዪው ለ7ቱ ነው። ልኩን ካርቶን መምረጥ ማለት ይኼ ነው፣ አየር እየላክሽ አትክፈዪ።

ስፌት ወዳድ፦

ልጄ፣ ሁላችሁም ካርቶን ካርቶን ትላላችሁ። ማቶትን፣ ያንን ክቡን የጀበና ማስቀመጫ፣ ረሳችሁት እንዴ? ጀበና ያለ ማቶት የት ያውቃል!

እንዲህ አድርጊ። ማቶት ሁለት ይሁን። አንዱን ከታች፣ ቂጡ ይቀመጥበት። ሌላውን ሰፋ አድርገሽ በአንገቱ አስገቢና ትከሻው ላይ አሳርፊው። ጡት ካለው ለጡቱ ክፍት ቦታ ተዪለት። እንግዲህ ቢመታም የሚመታው ማቶቱ ነው፣ አንገቱ ማንንም አይነካም። እኛ ድሮ ከገበያ ስንመለስ እንስራ በምን ይመጣ ነበር? ሳር ተጎዝጉዞለት፣ በሳር ተደግፎ ነው። ይኼን ያህል አዲስ ነገር አልነበረም።

ማቶቱን ከጭድና ከጨርቅ ቅዳጅ መጠቅለል ትችያለሽ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ጋ ብትሄጂ ደግሞ የደንገል ቁራጭ ይተርፋቸዋል። ደንገል ሲደርቅ ውስጡ አየር ነው፣ እንደ ስፖንጅ ነው። ግን ቁራጩን ብቻ ለምኚ እንጂ አስቆርጠሽ እንዳትገዢ፣ አደራ። ልጅ ሆነን የጣናን ዳር የሸፈነው ደንገል ዛሬ ግማሹም የለም።

ደንበኛሽ ማቶቱን አትጥለውም። ይኼ ነው የምልሽ።

የጀበናዋ፦

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ልሞክርና እመለሳለሁ።

የጀበናዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ተመለስኩ።

መጀመሪያ ቤት ሞከርኩት። የተሰነጠቀና የማይሸጥ ጀበና ነበረኝ። በሁለት ማቶት አድርጌ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ጎን ጎኑን ያገለገለ ካኪ ፖስታ ውስጥ ጭድ ሞልቼ፣ እንደ ትንንሽ ትራስ አድርጌ ጠቀጠቅኩበት። ጭዱን እንዲሁ ብበትነው አቧራው ጀበናው ውስጥ ይገባል፣ ለዚያ ነው ፖስታው። ከዚያ ግቢው መሀል ቆሜ በትከሻዬ ልክ ለቀቅኩት። ዷ! አከራዬ ከቤት ወጥታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ስከፍተው ደህና ነው። ሁለተኛም ለቀቅኩት፣ ደህና ነው። በሦስተኛው እሷ ራሷ ልሞክር አለች። ከደረጃው ላይ ወረወረችው። እሱን አልቆጥረውም።

ከዚያ እውነተኛ ትእዛዝ ላክሁ፣ ስድስት ጀበና፣ በስድስት የመድኃኒት ካርቶን። ጀበናዎቹን በውኃ ከፈተንኩ በኋላ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ገልብጬ አደረቅኳቸው። ማሰሪያው ሲባጎ ነው። እጄ ተልጧል፣ የዘጌው ልክ ነበርክ።

አምስቱ ደህና ገቡ። አንዱ አንገቱ ተቀንጥሷል። ደንበኛው ደግ ሰው ነው፣ ሳይነካካው ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሳየው ገባኝ። ትራሶቹ መንገድ ላይ ረግተው ወርደዋል። ስሞላው ጢም ብሎ ነበር፣ ነቅንቄውም ድምፅ አልነበረውም። ጭድ ግን መኪና ላይ ይጠቀጠቃል። ከላይ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተፈጥሮ አንገቱ ክዳኑን ሲመታ መጥቷል። አሁን ጭዱን ፖስታ ውስጥ በእግሬ እየረገጥኩ ነው የምሞላው፣ ከላይ ደግሞ የተጨማደደ ወረቀት እጨምራለሁ። ወረቀት እንደ ጭድ ቶሎ አይረጋም።

ወጪውን ለምትጠይቁኝ፣ ካርቶኑ ነፃ ነው፣ ጭዱ ለከብት ከሚሸጡት ነው፣ ማቶቱን አንዲት እናት ትሠራልኛለች፣ ለእሷ እከፍላለሁ። ከፕላስቲኩ ትንሽ ይበልጣል። ጊዜው ግን እጥፍ ነው፣ አልዋሽም። አንድ ጀበና ለማሸግ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል።

ያቺ ቪዲዮ የላከችው ልጅ እንደገና አዛለች፣ ለእህቷ። ትናንት ደረሳት። ቪዲዮ ስጠብቅ አጭር መልእክት ብቻ መጣ። ጀበናው ስለመድረሱ ምንም አላለችም። "ማቶቱ ለብቻው ይሸጣል ወይ?" ነው ያለችው።