ጄል ብቻ ባለበት ቤተ ሙከራ የሽፋን ፕሮቲን መታጠፍን ማጥናት ይቻላል?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የምገኝ የባዮኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ፕሮቲኖች ወደ ሕዋስ ሽፋን ገብተው ቅርጻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና አስቤአለሁ፤ ሆኖም በእጃችን ያለው የጄል ኤሌክትሮፎረሲስ ዕቃ፣ ሴንትሪፉጅና አንድ ሶኒኬተር ብቻ ነው። በዚህ የሚሠራ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
ይኖራል። ኦምፕኤ የተባለውን የኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ይምረጡ። ይህ ፕሮቲን በ8 ሞላር ዩሪያ ከተፈታ (መታጠፉ ከተዘረጋ) በኋላ የሊፒድ (ቅባት) ከረጢቶች ባሉበት መፍትሔ ሲቀጥን፣ ያለ ሌላ ፕሮቲን እገዛ ወደ ሽፋኑ ገብቶ ስምንት ክሮች ያሉት ቤታ በርሜል (ክሮቹ ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሠሩት በርሜል መሰል ቅርጽ) ይሆናል። በርሜሉ ጠንካራ በመሆኑ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታው የጄል ሳሙና) ብቻውን አይፈታውም፤ ስለዚህ ሳይፈላ ጄል ላይ ሲጫን 30፣ ሲፈላ ግን ተፈትቶ 35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይታያል። በየጊዜው ናሙና እየቀዱ ኤስዲኤስ ሲጨምሩበት መታጠፉ እዚያው ይቆማል፤ ጄሉን በኩማሲ ቀለም ሲያቀልሙት የላይኛው (ያልታጠፈው) ሰማያዊ መስመር እየሳሳ የታችኛው (የታጠፈው) እየደመቀ መሄዱ ፍጥነቱን ያሳይዎታል። አደራ፣ በልማድ ናሙናውን እንዳያፈሉት! እኔ አፍልቼው ሁሉም 35 ላይ ተሰልፎ አግኝቼ ሁለት ቀን ሙሉ ሊፒዱን ስወቅስ ነበር።

መልስ 2፦
ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በኦምፕኤ ያገኙትን ለሁሉም የሽፋን ፕሮቲን እንዳይሰጡት። በእኛ ሕዋስ ሽፋን ውስጥ የሚበዙት ባለ አልፋ ሄሊክስ (እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ቅርጽ) ናቸው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ገና በራይቦሶም (ፕሮቲን በሚሠራው የሕዋስ ክፍል) ላይ እየተሠሩ ሳለ ሴክ61 በሚባለው በር ይገባሉ፤ በሩም በጎኑ ተከፍቶ ውሃ ጠል የሆነውን ክፍል ወደ ቅባቱ ያሳልፋል። የቅባቱ እምብርት ውፍረት 3 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ሄሊክሱን በ0.15 ናኖሜትር ስለሚያስረዝመው፣ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 20 ያህል ያስፈልጋሉ። ፖፖና ኤንግልማን እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብም መጀመሪያ ሄሊክሶቹ ለየብቻ ይገባሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ የሚል ነው። ኦምፕኤ ራሱ እንኳ በሕያው ባክቴሪያ ውስጥ ባም የተባለ አጋዥ አለው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሊፒዱስ የትኛው ይሁን? ከአዲስ አበባ እስኪደርሰኝ መንገድ ላይ ይበላሽብኛል ብዬ ሰጋሁ።

መልስ 1፦
ዲኤልፒሲ የተባለውን ሊፒድ ይዘዙ፤ ሰንሰለቱ 12 ካርቦን ብቻ በመሆኑ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ኦምፕኤም ቶሎ ይገባበታል። ሰንሰለቶቹ ድርብ ቦንድ ስለሌላቸው በኦክስጅን በቀላሉ አይጎዱም። በዱቄት መልክ፣ በደንብ ታሽጎ ይላክልዎ፤ ሲደርስዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።